ለመቆሚያ የተሠራ በርጩማ

አያቴ አቶ አብተው እንግዳ ሲመጣ ፊቱን አያዩም ነበር። መጀመሪያ የሚያዩት አቀማመጡን ነው። ሰውየው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሆነ፣ ጀርባውን ጥሎ እንደሆነ፣ ወደ አንድ ጎኑ አጋድሎ እንደሆነ ዝም ብለው በዐይናቸው ይለኩታል። አንዲት የአክስቴ ልጅ እጮኛዬ ነው ብላ አንድ የባንክ ሠራተኛ ይዛ በመጣች ቀን፣ ልጁ ተሰናብቶ ሲወጣ ሁላችንም አፍ አፋቸውን አየን።

«ጥሩ ልጅ ነው፤» አሉ። «ግን በኋላ ኪሱ ትልቅ ቦርሳ ይዞ ይቀመጣል። ወገቡን ያመዋል።»

ተጋቡ። አሁን ወገቡን ያመዋል።

አናጢ ነበሩ። አባታቸው ገብረሥላሴም አናጢ ነበሩ፤ ከቡልጋ ወደ ጅማ የመጡት መሮና መጋዛቸውን በአጎዛ ጠቅልለው ነው ይባላል። አጎቴ ለይኩንም አናጢ ነው፤ ምንም እንኳ ዛሬ የሚሠራው ሶፋና የኤምዲኤፍ ቁም ሣጥን ቢሆንም። ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ባለው ግቢያችን ቤቱና የእንጨት ሥራው ቦታ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ልጅ ሆኜ የዓለም ሻይ ሁሉ ሰጋቱራ የሚንሳፈፍበት ይመስለኝ ነበር። ሰው ቤት ስሄድ ንጹሕ ሻይ ሲሰጡኝ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስለኛል።

አንድ ቀን አለ የማልረሳው። ወሩ ግንቦት ነው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዝናቡ እንደ ጅማ ዝናብ፣ ሳያስጠነቅቅ ወረደ። እኔና ሌሎች የሰፈር ልጆች አንድ አጥር ሥር ተለጥፈን ስንንቀጠቀጥ፣ አያቴ ከአንድ ሠራተኛቸው ጋር ወደ በቾ ቦሬ ሰፈር የሚያደርሱትን አዲስ በር ጭንቅላታቸው ላይ ተሸክመው መጡ። አዩን። ቆሙ። ከዚያ «ግቡ!» አሉ።

ገባን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከፊትና ከኋላ፣ በሩ በላያችን፣ እኛ ከሥሩ። ቤት እስክንደርስ ድረስ ቀና ብዬ የበሩን ሆድ ሳይ ሄድኩ። ማንም የማያየው የእርሳስ መስመራቸው፣ የቁጥር ምልክታቸው፣ አንድ የጉንዳን መንገድ የመሰለ የእንጨቱ የደም ሥር ነበረበት። ዝናቡ ከላይ ይደበድባል፤ እኛ ደረቅ ነን። የበሩ ባለቤት ውሃ የጠጣ በር ሲደርሰው ተቆጣ አሉ። አያቴም «በር ከዝናብ ካላስጣለ ታዲያ ለምንድን ነው?» አሉት አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ለአንድ ሥራ ብቻ የተፈጠረ አይመስለኝም። ግጥም መጻፍ የጀመርኩትም እዚያ በር ሥር ይመስለኛል።

በሩን፣ አልጋውን፣ በሚስማር የሚያያዘውን ሁሉ ከአባታቸው ተማሩ። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ግን የተማሩት በጉብዝናቸው ጊዜ ሊሙ ገነት ሄደው፣ ከጓደኛቸው ከጋሽ ሱሌይማን አባት ነው። በዚያ ቤት ሥጋ በተሠራ ቀን፣ የክርስቲያን ልጅ የሙስሊም ሥጋ ስለማይበላ፣ ለእርሳቸው ለብቻ ጎመን ይቀርብ ነበር። እኩያቸው ሱሌይማን ደግሞ «እንግዳ ብቻውን አይበላም» ብለው ከሥጋው ተነሥተው ጎመኑ ጋ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱም ሸምግለው እንኳ ይህ ነገር አላለቀም።

«አብተው፣ በአንተ ምክንያት ያመለጠኝ ሥጋ ቢሰበሰብ አንድ በሬ ይወጣዋል፤ ወላሂ!» ይላሉ ጋሽ ሱሌይማን።

«ጎመኑ ነው እስከ ዛሬ ያቆየህ። ሥጋውን የበሉት ወንድሞችህ የታሉ?»

«አስተግፊሩላህ! ሙታንን ተው!» ይሉና እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

ያ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። መቀመጫውም ሦስቱም እግሮች ከአንዱ ጉማጅ ይፈለፈላሉ፤ ሚስማር የለም፣ ማጣበቂያ የለም፣ የሌላ እንጨት ቁራጭ የለም። እንጨቱ እርጥብ ሳለ ይቀረጻል፤ ከዚያ ጨለማ ጥግ ላይ በቡና ገለፈት ተቀብሮ ቀስ ብሎ፣ በብዙ ሳምንት ይደርቃል። ከተቸኮለ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ በርጩማ ደግሞ በሊሙ መምህራቸው ሕግ ለምድጃ ነው። ሰውየው ቁራጭ ገብቶበት የተጠገነ በርጩማ አንድም ቀን ከቤታቸው አላወጡም። አያቴም ይህን ሕግ እንደ ጾም ጠበቁት።

ለእያንዳንዳችን፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ አንድ አንድ ሠርተውልናል። የሚሰጡት በልደት ወይም በክርስትና ቀን አልነበረም። ልጁ መነሣት መነሣት ሲለው፣ ሰዉ ሁሉ «ወፌ ቆመች!» እያለ ሊያጨበጭብ በሚዘጋጅበት ሰሞን በርጩማውን ፊቱ ያስቀምጡለታል። ልጁ ጠርዙን ይዞ ይቆማል። ውሎ አድሮም እየገፋው ይሄዳል።

«በርጩማ መጀመሪያ ለመቆም ነው፤» ይሉ ነበር። «ለመቀመጥማ ዕድሜ ልካችሁን ትቀመጡበታላችሁ።»

የእኔ ዛሬም አብሮኝ አለ። ጠርዙ ላይ የወተት ጥርሴ ምልክት አለበት። ስጽፍ እሱ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አይቀረውም።

የአጎቴ የለይኩን ቤት ግን በርጩማ የሌለበት ቤት ነበር። ሚስቱን አያንቱን ከሊሙ ገነት ካመጣት ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አልመጣም። በዓል ሲሆን የልጅ ልጅ ሁሉ በርጩማውን እየጎተተ በገበታው ዙሪያ ሲሰለፍ፣ አያንቱ ወጥ ለማማሰል ወደ ማድቤት ትሄዳለች። ወጡ ግን ተማስሎ ያለቀ ነው። አያቴ አንድ ፋሲካ ላይ ተከትለዋት ሄዱና በሩ ላይ ቆመው «የአንቺም ይመጣል። እንጨቱ ገና እያደገ ነው» አሏት። እኔ ወጥ ልወስድ ገብቼ ነበርና ሰማሁ። አያንቱ ጭልፋውን አጥብቃ ይዛ ያለቀውን ወጥ ማማሰሏን ቀጠለች።

የለይኩንና የአያንቱ ልጅ ፍሬአብ ሲወለድ እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። የአያቴ እጅ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ሻይ ሲይዙ ብርጭቆውና ሰሃኑ እርስ በርስ ይንጫጫሉ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣቸው፤ እንደማይድን ግን አልደበቃቸውም። መሮአቸውን መሳቢያ ውስጥ ከከተቱ ቆይተዋል። ሕፃኑን አቅፈው ሲቀመጡ እግሩን ያዩና፣ ከዚያ እጃቸውን ያያሉ። ልጁ ከመቆሙ በፊት ያ እጅ አንድ በርጩማ ማውጣት ነበረበት። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ደፍሮ የተናገረው ለይኩን ነው።

«አባባ፣ እኔ በማሽን ልሥራለት። ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም። ሦስት እግር አውጥቼ እለጥፍለታለሁ።»

«ለፍሬአብ የተለጠፈ እግር?»

«ማን ያውቅብናል?»

«ልጁ ያውቃል። አንተ ሶፋህን ሥራ።»

ኅዳር ላይ፣ ሊሙ ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ሳለ፣ ጋሽ ሱሌይማን በሚኒባስ መጡ። ለቡናቸው ጥላ ሆኖ የኖረ ትልቅ ዋንዛ ነፋስ ጥሎት ኖሯል፤ ከእሱ አንድ ጉማጅ ይዘዋል። ወገባቸውን ይዘው ነው ግቢ የገቡት።

«መኪናው ሞልቶ ወንበር አጣሁ። እዚሁ ግንድ ላይ ተቀምጬ መጣሁልህ። በርጩማህን ገና ሳትሠራው ሞከርኩት፤ አይመችም!»

«መቀመጥ ስለማታውቅ ነው።»

ከሳቁ በኋላ ጋሽ ሱሌይማን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማሎ፣ እባክህ እውነቱን ንገረኝ፤ እጅህ እንዴት ነው?» አሏቸው። አያቴ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ዘርግተው አሳዩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የእነሱ ያልሆነ ነገር እንደሚያዩ ሁሉ አብረው አዩት።

በማግስቱ ጠዋት ሥራው ተጀመረ። እኔ የግጥም ደብተሬን ትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያየሁትን ነገር ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። እጃቸው መሮውን ሲፈልግ እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል፤ የመሮው አፍ እንጨቱን ሲነካ ግን ዝም ይላል። በአየር ላይ ሲንቀዠቀዥ የነበረ ወፍ ቅርንጫፍ አግኝቶ ሲያርፍ የሚሆነውን ሆነ። እርሳቸው አልተገረሙም፤ «ባዶውን ነው የሚፈራው» አሉ እጃቸውን፣ ስለ አንድ የሚያውቁት ልጅ እንደሚያወሩ።

ሁልጊዜ ግን አይሆንላቸውም ነበር። አንዳንድ ቀን ትንሽ ሠርተው ይተዋሉ። ሦስተኛው እግር ላይ መሮው አምልጧቸው እንጨቱን ሲያቆስለው፣ ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀው ስድብ ወጣ። ቀና ብለው አዩኝና «ትህትና፣ ይህን ግጥም ውስጥ እንዳታስገቢው» አሉኝ። ግጥም ውስጥ አላስገባሁትም። ቁስሉ እስኪጠፋ እግሩን አቀጠኑት፤ ሌሎቹንም ሁለቱን ከእሱ ጋር አስተካከሉ። ለዚህ ነው የፍሬአብ በርጩማ ከሁላችንም ይልቅ እግረ ቀጭን የሆነው፤ ሊሮጥ የተዘጋጀ ይመስላል። በመጨረሻ በብርጭቆ ስባሪ እየፋቁ አለሰለሱትና በገለፈት ሞልተው በጆንያ ጠቀለሉት፤ ከጣውላው ኋላ ጨለማው ጥግ ውስጥ አስገቡት። መሮውን መሳቢያ ውስጥ ሲመልሱ «ከእንግዲህ ሌላ የለም» አሉ። በቅሬታ አልነበረም የተናገሩት፤ የደከመ ሰው ጫማውን እንደሚያወልቅ ነበር።

ማንም እንዳይነካው ለለይኩን ተነገረው፤ ለእኔም ተነገረኝ። አያንቱ ግን ያን ጊዜ ከልጇ ጋር እናቷ ዘንድ ሊሙ ገነት ነበረች፣ ለቡና ለቀማ። የተመለሰችው ገና ሲቃረብ ነው፤ እንደገባችም ለበዓል ቤቱን ታጸዳ ጀመር፣ የእንጨት ሥራውንም ቦታ ጭምር። ሊነግራት የሚገባው ለይኩን ሶፋ ለማድረስ ወጥቷል። እኔም ሳሎን ተጋድሜ አነባለሁ።

ከምሳ በኋላ ነው። አያቴ ጋደም ብለው ነበር። ከጓሮ በኩል «ጧ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ደረቅ፣ አጭር። ተነሥተው ተቀመጡ።

«ምኑ ነው የተሰነጠቀው?» አሉ።

ከጓሯችን የምንለቅማትን ትንሽ ቡና የምናሰጣበት የሽቦ አልጋ አለን። አያንቱ አጠገቡ ቆማለች። በቀይ ቡናው መካከል፣ እግሮቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ በርጩማው ፀሐይ ላይ ተኝቷል።

«አባባ፣ ሻግቶ ነበር እኮ!» አለች። ፊታቸውን አይታ ድምፅዋ ተለወጠ። «ነጭ ነጭ አውጥቶ ነበር… ገለፈት ውስጥ የተረሳ መስሎኝ… እንዲድንልዎት ብዬ…»

እሷ ባደገችበት ቤት ሻጋታ የሚባል ነገር እሳት እንደማለት ነው። አንድ ማዕዘን የሻገተ ጆንያ የዓመቱን ቡና ያበላሻል፤ ሻጋታ ያየ ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ሳይጠይቅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። አያንቱ ያደረገችው እናቷ ያስተማረቻትን ነው። የእርጥብ እንጨት ሻጋታ ግን ሲደርቅ የሚጠረግ ነገር ነው፤ የሚሰነጥቀው ፀሐይ ነው።

አያቴ በርጩማውን አነሡ። ስንጥቁ ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ መካከሉ ገብቷል። አውራ ጣታቸውን አሳለፉበት። ከዚያ የሽቦው አልጋ ላይ መልሰው አስቀመጡትና ወደ ውስጥ ገቡ።

እራት አልበሉም። በማግስቱም አያንቱ ያቀረበችው ምግብ እንደቀረበ ተነሣ። አልተቆጧትም፤ አላናገሯትም። የልጅ ልጃቸው ነኝ፣ እወዳቸዋለሁ፣ ግን ያን ሰሞን ተቀየምኳቸው። አያንቱ ማድቤት ውስጥ እጄን ይዛ «ይስደቡኝ ብዬ ነው የምጸልየው፤» አለችኝ። «ቃል የገቡልኝን ራሴ ሰበርኩት። ትህትናዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩትን እኮ ራሴ ነኝ ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት።» ፍሬአብ ደግሞ፣ ምንም የማያውቀው፣ ያንኑ ሳምንት የመኝታ አልጋውን ጠርዝ ይዞ መነሣት ጀመረ።

ለይኩን ጋሽ ሱሌይማን ዘንድ ደወለ። መጡ። በርጩማውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አገላበጡት።

«አባቴ ቢሆን ለምድጃ ነው።»

«አውቃለሁ፤» አሉ አያቴ።

«አባቴ ግን ሞቷል፤ አላህ ይዘንለት። ልጁ መቼ ይቆማል?»

«አልጋ ይዞ ተነሥቷል።»

«እንግዲያው ከሞተውና ከሚቆመው ምረጥ።»

ውጭ ባጃጅ አለፈ፤ ሌላ ባጃጅ አለፈ። ከዚያ አያቴ «አያንቱ!» ብለው ተጣሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው። እጇን ሳታደርቅ ሮጣ መጣች።

«አቤት አባባ!»

«እናትሽ ጓሮ የደረቀ የቡና ግንድ አይጠፋም?»

«አይጠፋም።»

«አስመጪልኝ። ጠንካራውን።»

ግንዱ ሲመጣ አያቴ በእርሳስ ወገቡ የቀጠነ፣ ጫፍና ጫፉ የሰፋ የቢራቢሮ ቅርጽ ሣሉበት። እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ ቢራቢሮው የሚበር መሰለ። ይህ ቁራጭ ስንጥቁ ላይ በልኩ በተፈለፈለለት ቦታ አግድም ገብቶ ሁለቱን ጎን እንዲይዝ ነው፤ ልክ ከሆነ ማጣበቂያ አይፈልግም። ለይኩን መሮውን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

«አንተ አይደለህም። አያንቱ ትያዘው።»

«አባባ! እሷ መሮ ይዛ አታውቅም!»

«የቡና እንከን ስትለቅም አይተሃታል? ያንተ ማሽን እንደዚያ ጣት የለውም።»

ጋሽ ሱሌይማን ጺማቸውን አሻሹ። «ወላሂ፣ በአባቴ ቤት ሴት መሮ አልያዘችም።»

«በአባትህ ቤት ብዙ ያልተደረገ ነገር አለ። አንተም ሥጋ አልበላህበትም።»

አያንቱ ግን አልሳቀችም። በርጩማው ፊት ተንበረከከች። «ባበላሸውስ?» አለች።

«ተበላሽቷል እኮ፤» አሉ አያቴ። «አሁን የቀረሽ ማስተካከል ነው።»

ቀናት ወሰደባት። ጣቷን ቆረጠች፤ አስራ ቀጠለች። ሁለት ቢራቢሮ በእጇ ላይ ተሰበረ። አያቴ አጠገቧ ተቀምጠው «አትግፊው፣ አባብዪው… የእንጨቱን የደም ሥር አትቁረጪው፣ አብረሽው ሂጂ…» ይሏታል፤ እጃቸው በአየር ላይ የእሷን እጅ እየተከተለ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከበሩ ሆኜ ሁለቱን ሳይ፣ አንድ ሰው በአራት እጅ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ቢራቢሮው በእንጨት መዶሻ ቀስ እየተባለ ገብቶ ከመቀመጫው ጋር ሲስተካከል፣ ጋሽ ሱሌይማን ጥፍራቸውን አሳለፉበት፤ ጥፍሩን የሚይዝ ጠርዝ አልነበረም። «አባቴ እንዳይሰማ፤» አሉ፣ «ያምራል።»

ከጥምቀት በኋላ በአንድ እሑድ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን። በርጩማው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፍሬአብ ዳዴ እያለ መጣ፣ በቡጢው መታው፣ ቀመሰው፣ ከዚያ ጠርዙን ይዞ ተነሣ። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ቤቱ ጮኸ። እሱ ጩኸቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሌባ ጣቱ ነጣ ያለውን የቡና እንጨት ቢራቢሮ አገኘውና ይጫነው ጀመር፤ ተነሥቶ ይበር እንደሆነ ሊያይ።

አያቴ ጎንበስ አሉ። ጉልበቱን ያያሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አቋቋሙን ይለካሉ ብዬ። እርሳቸው ያዩት ግን ፊቱን ነው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«አያንቱ፣» አሉ፣ «ይሄ ልጅ ለካ አንቺን ነው የሚመስለው።»

«እስከ ዛሬ አላዩትም አባባ?» አለች እያለቀሰችም እየሳቀችም።

«እግሩ ላይ ነበርኩ።»

አያቴ ክረምቱ መካከል ላይ አረፉ፤ ከምሳ በኋላ ጋደም ባሉበት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው። የሸፈናቸውን ሳጥን ለይኩን ሠራው፤ በማሽን አልሠራውም። ጋሽ ሱሌይማን ከሊሙ መጥተው ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው መካከል ተቀመጡ። ምሳ ሲቀርብ ከሙስሊሞቹ ገበታ ተነሥተው እኛ ጋ መጡና ጎመን እንዳለ ጠየቁ።

በአርባቸው ዋዜማ የሰፈሩ ሴቶች ግቢውን ሊያጸዱ ገቡ። የእድሩ ወንበር ይደረደርበታል ተብሎ የእንጨት ሥራው ቦታም ይጠረግ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አበራሽ ከጣውላው ኋላ ጎንበስ ብለው አንድ ጆንያ ጎተቱ፤ ገለፈቱ ፈሰሰ፤ ከውስጡ ነጭ ሻጋታ የለበሰ ነገር ወጣ።

«ኧረ በሞትኩት! ይሄ ሁሉ ነገር ሻግቶ! ነይ አንቺ፣ ያዢልኝ፣ ፀሐይ ላይ—»

አያንቱ ከማድቤት ጭልፋዋን እንደያዘች ስትሮጥ መጣች። በሕይወቴ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

«እንዳይነኩት! ይሻግት! ይተዉት ይሻግት!»

ሴቶቹ ሁሉ ደንግጠው ቆሙ። እሷ ተንበርክካ ጆንያውን መለሰች፤ ገለፈቱን በእፍኝ በእፍኝ እየሰበሰበች ጨመረችበት። ከመሸፈኗ በፊት አየሁት። ጋሽ ሱሌይማን ሌላ እርጥብ ጉማጅ አምጥተውላት፣ ራሷ በርጩማ ቀርጻበት ኖሯል። አንዱ እግር ወፍራም ነው፤ መቀመጫው ትንሽ ያዘነብላል፤ አያቴ ቢያዩት ሳቃቸውን መያዝ አይችሉም ነበር።

«ለማን ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«እንጃ፤» አለች። «ለሚቆመው።»

ጆንያውን ወደ ጨለማው ጥግ ገፋችው። ከኋላችን በሲሚንቶው ወለል ላይ የሚንኳኳ ድምፅ መጣ፤ ፍሬአብ ነው፣ እግረ ቀጭን በርጩማውን እየገፋ ወደ እናቱ የሚመጣው።